የልብ ወለድ የጠፈር መርከብ ምጣኔ በምን ይፈተሻል?

እርሳስና ማስመሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥዕላዊ ልብ ወለድ የምትሆን የጠፈር መርከብ እየነደፍኩ ነው። የኮምፒውተር ሞዴሏ አልቋል፤ ቅርጿ ግን አልጥም ብሎኛል፤ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቼ መናገር አልቻልኩም። ልኮቹ እነዚህ ናቸው።

ጠቅላላ ርዝመቷ 240 ሜትር ነው። ሦስት ክፍል አላት፦ ከፊት የሠራተኞች መኖሪያ 80 ሜትር፣ መካከል ላይ የነዳጅና የጭነት ክፍል 80 ሜትር፣ ከኋላ የሞተር ክፍል 80 ሜትር። ስፋታቸው በቅደም ተከተል 40፣ 38 እና 41 ሜትር። ልክ መሀሏ ላይ ሰው ሠራሽ ስበት የሚሰጥ፣ 60 ሜትር ዲያሜትር ያለው የሚሽከረከር ቀለበት አለ። ሞተሮቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ከላይ ሁለቱ ከታች፣ እያንዳንዳቸው 18 ሜትር ዲያሜትር፣ በመካከላቸው 5 ሜትር ክፍተት። መስኮቶቹ 2 ሜትር ቁመት አላቸው፤ በመርከቢቱ ርዝመት ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ረድፍ እስከ ሌላው 6 ሜትር ነው። ሬንደር የማደርገው (ከሞዴሏ ምስል የማወጣው) በ24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በሰፊና ለስላሳ ብርሃን ነው።

የሚታየኝ ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኋላዋ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ 240 ሜትር አትመስልም፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች መጫወቻ ነው የምትመስለው። ሦስቱን ክፍሎች እኩል ያደረግኩት ሚዛን እንዲኖራት ነው። በወርቃማው ምጣኔ በ1.618 ልከፋፍላት ይሆን? «አምራለች፣ አላማረችም» ከማለት አልፎ በልክ የሚፈተሽ መንገድ ካለ ንገሩኝ።

ጥቁር ቀለም

ወርቃማውን ምጣኔ ለጊዜው ተወው። 240ን በ1.618 ብትከፍለው 148 እና 92 ሜትር ይሆናል። 148ቱን 155 ብታደርገው የማንም ዓይን አይጎረብጠውም። የትኛው ክፍል ገዢ እንደሆነ መወሰን ከአስርዮሽ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አንተ ጋ ደግሞ ገዢ ክፍል የለም። 80፣ 80፣ 80፤ ስፋቱም 40፣ 38፣ 41። ዓይን ሦስቱንም በእኩል ያይና ማረፊያ ያጣል። እኩልነት ሚዛን አይሰጥም፤ ሚዛን የሚመጣው አንድ ትልቅ ነገር በሌላ ረጅም ወይም ራቅ ያለ ነገር ሲመለስ ነው።

ንድፍ አውጪው ማት ጄፈሪስ ለስታር ትሬክ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያዋ መርከብ፣ ለኢንተርፕራይዝ፣ ያወጣውን ልክ ተመልከት። ጠቅላላ ርዝመቷ 289 ሜትር፣ የፊተኛው ሳህን ዲያሜትሩ 127፣ የታችኛው አካል 104፣ ሁለቱ ሞተሮች 154 ሜትር ርዝመት። አንዱም ከሌላው አይተካከልም። ሳህኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሞተሮቹ ቀጭን ግን ረጅም ሆነው ወደ ኋላ ይስቡታል። ከፊት ብታያት እንኳ የሳህኑ ጠርዝ እንደ ቀጭን መስመር፣ ከበላዩ ሁለት ክቦች፤ አትሳሳታትም።

አሁን የጥላ ፈተናውን እንሥራ። መርከቢቱን ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ጀርባውን ነጭ አድርገህ ከጎን፣ ከላይ፣ ከፊት እና ከሰያፍ አውጣት፤ ሌንሱ ርቀት የማያዛባው ዓይነት ይሁን። ከዚያ የጎኑን ምስል ርዝመቱ 64 ፒክስል እስኪሆን አሳንሰው፤ የቀሩትንም በዚያው መጠን። 240 ሜትር በ64 ሲካፈል አንድ ፒክስል 3.75 ሜትር ነው። በሞተሮችህ መካከል ያለው 5 ሜትር ክፍተት 1.3 ፒክስል ብቻ ስለሚሆን ይደፈናል። አራት ሞተር የነበረው 41 ሜትር ቁመት ያለው አንድ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ኋላዋ የከበደው በዋናነት በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሞተሩን 14 ሜትር፣ ክፍተቱን 13 ሜትር አድርገው። 14 ሲደመር 13 ሲደመር 14 ያው 41 ነው፤ ጠቅላላ ስፋቱ ሳይነካ ክፍተቱ ወደ 3.5 ፒክስል ያድጋል፣ ብርሃን ያልፋል፣ አራት ሞተር መሆኑም ይለያል። በዚህ መጠን ላይ ከ3 ፒክስል በታች የሆነን ክፍተት እንደሌለ ቁጠረው፤ ወይ አስፋው ወይ ድፈነው። መሀል ቤት ያለው ነው ምስሉን የሚያቆሽሸው።

ለርዝመቱ 45፣ 140፣ 55ን ሞክር። መካከለኛውን ስፋት ከ38 ወደ 14 ሜትር ቀንሰህ ረጅም ግንድ አድርገው፤ ታንኮቹ የግንዱ አካል ይሁኑ። የፊቱን 44 አድርግ። ቀለበቱን ደግሞ ከመሀል አንሣው፤ ልክ 120 ሜትር ላይ መቀመጡ መርከቢቱን ለሁለት ይቆርጣታል። ከአፍንጫዋ 75 ሜትር ላይ ብታደርገው ከፊተኛው ክፍል ጋር አንድ ስብስብ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው ረጅም ባዶ ግንድም ለሞተሮቹ መልስ ይሰጣል። ሲያልቅ ምስሉን ግራና ቀኝ ገልብጠህ እየው። የለመድከው ዓይን ያለፈው ማዘንበል ሲገለበጥ ወዲያው ይወጣል።

1፡350

ስለ ቅርጹ @ጥቁር ቀለም የተናገረው ይበቃል። መጫወቻ የመምሰሉ ጉዳይ ግን ከቅርጹ ጋር አይገናኝም፤ ስኬል ነው።

ጠፈር ላይ ጭጋግ የለም። ምድር ላይ ተራራ ሩቅ መሆኑን የምናውቀው አየሩ ስለሚያደበዝዘው ነው፤ እዚያ ያ እርዳታ የለም። ስለዚህ ተመልካች መጠን የሚገምተው በሚያውቀው ነገር ብቻ ነው፦ በር፣ መስኮት፣ የወለል ከፍታ፣ መወጣጫ፣ ሰው። ሰዎች የአንድ ወለል ከፍታ 3 ሜትር ከምናምን እንደሆነ ሳያስቡት ያውቃሉ። አንተ ረድፎቹን በ6 ሜትር ለያይተሃቸዋል። ዓይን ያንን 6 ሜትር 3.2 ሜትር ነው ብሎ ያነበዋል፣ መርከቢቱም በዚያው ልክ ወደ 128 ሜትር ትወርዳለች። በግማሽ ያህል ያሳነሷት መስኮቶችህ ናቸው። ረድፎቹን 3.2 ሜትር፣ የመስኮቱን ቁመት ከ60 እስከ 80 ሴንቲሜትር አድርግ፤ ቁጥራቸውንም ቀንስ። የነዳጅ ታንክ ላይ መስኮት አይወጣም።

ቀጥሎ የጠርዝ ክብነት። ሬንደርህ 2,400 ፒክስል ስፋት ቢኖረውና መርከቢቱ ከዳር እስከ ዳር ብትሞላው 1 ሜትር 10 ፒክስል ነው። ጠርዞችህን በ1 ሜትር ካከበብካቸው 10 ፒክስል የሚሰፋ የሚያብለጨልጭ መስመር ይወጣል፤ ፕላስቲክ የሚያስመስለው እሱ ነው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር በቂ ነው፤ ብልጭታው 1 ፒክስል ይሁን። በእጅ በሚገጣጠም ሞዴልም ያው ሕግ ነው፦ 0.3 ሚሊሜትር የሆነ የመገጣጠሚያ መስመር በ1፡350 ሞዴል (ከእውነተኛው 350 ጊዜ ባነሰ) ላይ 10 ሴንቲሜትር፣ በ1፡1000 ላይ ደግሞ 30 ሴንቲሜትር ይወክላል። 30 ሴንቲሜትር እግር የሚገባበት ስንጥቅ ነው። ለዚህ ነው ትንንሽ ሞዴሎች ላይ መስመሩን ከመቅረጽ ይልቅ በቀለም ልዩነት ብቻ ማሳየት የሚሻለው።

ብርሃን። ከምድር ርቀት ላይ ፀሐይ 0.53 ዲግሪ ብቻ ነው የምትሰፋው። ቀለበትህ ከአካሉ 20 ሜትር ርቆ ጥላ ቢጥል የጥላው ጠርዝ የሚደበዝዘው 19 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ባንተ ምስል ላይ 2 ፒክስል። አንተ የምትጠቀመው ሰፊ ለስላሳ ብርሃን ግን ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሜትር የማይሞላ ዕቃ ላይ የሚጣል ዓይነት ነው፤ ዓይን ያንን ስለሚያውቅ «ትንሽ ነገር ነው» ይላል። አንድ የፀሐይ መብራት አድርግ፣ የማዕዘን ስፋቱን 0.53 ስጠው። ጥላ ያለበት ጎን ጨለማ ይሁን፤ ፕላኔት ቅርብ ከሆነ ብቻ ከዚያ በኩል ደካማ ነጸብራቅ ጨምር። የትኩረት ብዥታንም አጥፋው። የፊቷ ጠርቶ የኋላዋ ከደበዘዘ ካሜራው በጣም ቅርብ፣ ዕቃውም በጣም ትንሽ ነው ማለት ነው።

ሌንሱ ደግሞ ምጣኔህን እየዋሸህ ነው። በ24 ሚሊሜትር 240 ሜትሩን ዳር እስከ ዳር ለማስገባት ካሜራው 160 ሜትር ላይ ይቆማል። መርከቢቱን 45 ዲግሪ ስታዞራት ቅርቡ ጫፍ 75 ሜትር፣ ሩቁ 245 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ቅርቡ ከሩቁ 3.3 እጥፍ ገዝፎ ይታያል። ኋላዋ ወደ ካሜራው ከሆነ የምታየው ክብደት ከፊሉ ከዚህ ነው። በ85 ሚሊሜትር ካሜራው ወደ 567 ሜትር ይርቃል፣ ልዩነቱም ወደ 1.35 እጥፍ ይወርዳል። ምጣኔ የምትፈትሽ ከሆነ 85 እና ከዚያ በላይ። ሰፊ ሌንስ ካሜራው አካሉን ሊነካ ሲደርስ ነው ግዝፈት የሚሰጠው። በ1977ቱ ስታር ዋርስ መክፈቻ ላይ ማያ ገጹን ሞልታ የምታልፈው፣ በታሪኩ 1,600 ሜትር የሆነችው መርከብ የተቀረጸችው 91 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ሞዴል ነው፤ የምታሳድዳት ትንሿ መርከብ ሞዴል ከእሷ ይበልጥ ነበር። ግዝፈቱን የሰጡት የካሜራው ቅርበትና የገጽታዋ ጥቃቅን ዝርዝር ናቸው።

ስለ ዝርዝር ካነሣሁ አይቀር፣ በየቦታው እኩል አትበትነው። ከገጽታው ሁለት ሦስተኛው ጸጥ ያለ ይሁን፤ ዝርዝሩ ክፍሎች በሚገጣጠሙበት፣ በመግቢያ በሮችና በሞተሮች ዙሪያ ይሰብሰብ። መጠኑም ደረጃ ይኑረው፦ 80 ሜትር፣ 25፣ 8፣ 2.5፣ 0.8፤ በየደረጃው ሦስት እጥፍ ያህል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መካከለኛው፣ የ8 ሜትሩ ነው። ትልቅ ሳጥን ላይ በቀጥታ ጥቃቅን ሲለጠፍ ሳጥኑ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

ግፊትና ሙቀት

ሁለታችሁም ስለ ዓይን ነው የተናገራችሁት። እኔ ደግሞ ምጣኔን መጀመሪያ የሚወስነው ሥራው ነው እላለሁ፤ ሥራው ካልተወሰነ 45፣ 140፣ 55 ብሎ መምረጥም ግምት ነው።

ከቀለበቱ እንጀምር። ራዲየሱ 30 ሜትር ነው። የሚሰጠው ስበት የማዕዘን ፍጥነቱ ስኩዌር በራዲየሱ ተባዝቶ ነው። በደቂቃ 2 ዙር፣ ብዙዎች እንደ ምቹ ገደብ የሚወስዱት፣ ቢዞር የምድርን ስበት 13 በመቶ ብቻ ይሰጣል። ሙሉ ስበት ለማግኘት በደቂቃ 5.5 ዙር ያስፈልገዋል፤ ያ ራስ ያዞራል። በ2 ዙር ሙሉ ስበት ከተፈለገ ዲያሜትሩ 447 ሜትር ይሆናል፤ ከመርከቢቱ ርዝመት በእጥፍ ሊጠጋ። እንግዲህ ያቺ አንድ ቁጥር ብቻ የመርከቢቱን መልክ ትገለብጣለች። ለ60 ሜትር ቀለበት የሚስማማው የማርስ ስበት ነው፤ በደቂቃ 3.4 ዙር ገደማ ይበቃዋል። ታሪክህ ይህን ከተቀበለ ቀለበቱን አትንካው። ወለሉ ግን የውጨኛው ጠርዝ ነው፤ በርና መስኮቱ ጣሪያቸውን ወደ ማዕከሉ አዙረው ይሳሉ።

መስኮቶችህ በርዝመቷ ተደርድረዋል ብለሃል። ባሕር ላይ ላለ መርከብ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሞተሩ ሲገፋ «ታች» ማለት ወደ ሞተሩ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ የሚሰማ ከሆነ ወለሎቹ እንደ ሕንፃ ፎቅ ተደራርበው፣ የመስኮቱ ረድፍም መርከቢቱን በወገቧ ዙሪያ መክበብ አለበት። ግፊቱ በጣም ደካማ፣ ሰዎቹም ተንሳፋፊ ከሆኑ ብቻ ነው በፈለግከው አቅጣጫ ማድረግ የምትችለው።

የክብደት ማዕከሉ የግፊቱ መስመር ላይ መዋል አለበት። ማዕከሉ ከሞተሮቹ 120 ሜትር ርቆ፣ ከመስመሩ በ5 ሜትር ቢወጣ ሞተሮቹን 2.4 ዲግሪ ማዘንበል ያስፈልጋል፤ 15 ሜትር ቢወጣ 7 ዲግሪ። ካላዘነበሉ መርከቢቱ ትሽከረከራለች። ተመልካች ይህን አያሰላም፤ ግን ከታች የተንጠለጠለ ትልቅ ጭነት ካየ የሆነ ነገር ይከነክነዋል። ታንኮቹንም በመስመሩ ዙሪያ ትይዩ አድርገህ አስቀምጥ፤ ነዳጁ ሲያልቅ ማዕከሉ ወደ ጎን አይንሸራተትም።

ትልቁ የጎደለው ግን የሙቀት ማስወገጃው ነው። የኑክሌር ማብላያ አለህ ብዬ ልውሰድና 500 ሜጋዋት የሚጣል ሙቀት ይኑረው። ጠፈር ላይ ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው። በ1,000 ኬልቪን የሚሠራ፣ በሁለቱም ገጹ የሚያበራ ራዲያተር በስኩዌር ሜትር 102 ኪሎዋት ያህል ይጥላል፤ 4,900 ስኩዌር ሜትር ይበቃል፣ ማለትም 35 በ35 ሜትር የሆኑ አራት ሰሌዳዎች። ሙቀቱን ወደ 600 ኬልቪን ብታወርደው 37,800 ስኩዌር ሜትር ያስፈልጋል። የሚጣለው ኃይል በሙቀቱ አራተኛ ደረጃ ስለሚወርድ ነው። በሁለቱም መንገድ ራዲያተሩ ከመርከቢቱ ትልልቅ ቅርጾች አንዱ ይሆናል፤ ምጣኔውን ያለ እሱ መፍረድ አይቻልም።

ጥቁር ቀለም

@ግፊትና ሙቀት ቁጥሮቹን እቀበላለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይደለም። ራዲያተር ትክክል ሆኖ ስህተት ሊነበብ ይችላል። በ1968 የወጣው የ«2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም መርከብ ዲስከቨሪ በንድፉ መጀመሪያ ላይ ራዲያተሮች ነበሯት፤ የወጡላት ተመልካች ክንፍ ይመስሉታል ተብሎ ነው። ክንፍ መሰለ ማለት አየር ውስጥ የምትበር መሰለች ማለት ነው፤ ታሪኩ ይዛባል። ስለዚህ ሰሌዳ ሁሉ የጥላ ፈተናውን ይለፍ። ሁለት ሆኖ፣ አግድም ሆኖ፣ ኋላ ላይ ሆኖ፣ ጠርዙ ወደ ኋላ ከተጠረገ ክንፍ ነው፤ ስሙን ምንም ብትለው።

እርሳስና ማስመሪያ

አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሥራ ሰጣችሁኝ። 45፣ 140፣ 55 አድርጌ፣ ሞተሩን 14፣ ክፍተቱን 13 አድርጌ ሞከርኩ፤ በ64 ፒክስል አራቱም ይለያሉ። ቀለበቱ ከአፍንጫዋ 75 ሜትር ላይ ነው። ማብላያው ከአፍንጫዋ 190 ሜትር ላይ፣ በሞተሩ ክፍል መግቢያ ነው ያደረግኩት። ራዲያተሩን ክንፍ ሳላስመስል የት ላድርገው?

ግፊትና ሙቀት

የጥቁር ቀለም ስጋት ተገቢ ነው፤ ደስ የሚለው ግን እዚህ ላይ ፊዚክሱ ራሱ ያግዝሃል። ማብላያው በሁሉም አቅጣጫ ጨረር ይረጫል። መርከቢቱን በሙሉ መሸፈን ከባድ ስለሆነ ከማብላያው ፊት አንድ ወፍራም የጨረር ጋሻ ይደረጋል፤ ከጋሻው በስተፊት እየሰፋ የሚሄድ የጥላ ሾጣጣ ይፈጠራል። ሰውም ዕቃም በዚያ ሾጣጣ ውስጥ መቆየት አለበት። ራዲያተር ከሾጣጣው ከወጣ ጨረሩን መልሶ ወደ ሠራተኞቹ ይበትነዋል።

አንተ ጋ የሾጣጣውን ስፋት የሚወስነው ቀለበቱ ነው። ከማብላያው 115 ሜትር ርቆ 30 ሜትር ራዲየስ አለው፤ ግማሽ ማዕዘኑ 14.6 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ ስሌት ከማብላያው 100 ሜትር ርቀት ላይ ሾጣጣው 26 ሜትር ራዲየስ አለው። ግንድህ ከማዕከሉ 7 ሜትር ስለሚይዝ ለራዲያተሩ የሚቀረው 19 ሜትር ነው። ሾጣጣው ከግንዱ መውጣት የሚጀምረው 27 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰሌዳ 73 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ኋላ ላይ ሹል ሆኖ ወደ ፊት 19 ሜትር እስኪደርስ የሚሰፋ ሦስት ማዕዘን ነው፤ 700 ስኩዌር ሜትር ያህል። አራቱን በመስቀል ግንዱ ዙሪያ ስታደርጋቸው 2,800 ይሆናል። ለ500 ሜጋዋት በ1,150 ኬልቪን ይበቃል፤ አራቱ በከፊል እርስ በርስ ስለሚተያዩ 1,200 ብትለው ይሻላል።

ቅርጹን ልብ በል። የአውሮፕላን ክንፍ ወደ ኋላ ሲሄድ ይሰፋል፤ ይህ ወደ ፊት ነው የሚሰፋው፣ አራትም ነው። ክንፍ ነው የሚል አይኖርም። በዚያ ሙቀት ደግሞ ሰሌዳዎቹ ብርቱካናማ ቀይ ሆነው ይግላሉ፤ የጋለ ነገር በዓይን መታየት የሚጀምረው 800 ኬልቪን አካባቢ ነው።

ጥቁር ቀለም

ይኼ ይስማማኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ የሚያበራ ነገር ከጥቁር ጥላው ይልቅ ዓይን ይስባል። ራዲያተሮቹ ቀይ ከሆኑ የሞተሩ ነበልባል ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሁን፤ ሁለቱም እኩል ካበሩ ክብደቱ ተመልሶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥላውን ከጨረስክ በኋላ ሁለተኛ ፈተና በግራጫ ብቻ አድርግ፤ ቀለሙን አጥፍተህ፣ ምስሉን በደንብ አደብዝዘህ፣ በጣም ደማቁ ቦታ የት እንደዋለ እይ። ፊተኛው ክፍልና ቀለበቱ ላይ ካልዋለ መብራቱን አስተካክል።

1፡350

ከመጨረስህ በፊት 1.75 ሜትር ቁመት ያለው የሰው ቅርጽ ፋይልህ ውስጥ አስገባና በየክፍሉ አቁመው። በ2,400 ፒክስሉ ምስል 18 ፒክስል ገደማ ይሆናል። አንድ የመግቢያ በር 2.1 ሜትር፣ ከጎኑ መያዣ ብረት፣ ካሜራው በብዛት በሚያይበት ጎን አድርግ። ስታር ትሬክ ላይ ትልቁ የኢንተርፕራይዝ ሞዴል፣ 3.4 ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ በግራ ጎኑ ሽቦ ይገባበት ስለነበር የሚቀረጸው ከቀኝ በኩል ነበር፤ ዝርዝሩም እዚያ ጎን ላይ ነው የዋለው። አንተም ታሪኩ ውስጥ የምትታይባቸውን ሦስት ወይም አራት የካሜራ አቅጣጫዎች አስቀድመህ ምረጥና የ0.8 ሜትሩን ዝርዝር እዚያ ብቻ ሥራ። የቀረው ጎን እስከ 2.5 ሜትሩ ደረጃ ከደረሰ ይበቃዋል።